ስንት ወሯ ነው ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

የትንሿ አባት

ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ዓመት ይሞላታል። በሌላ ስሌት ደግሞ ገና ዘጠኝ ወሯ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ተይዤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው የምጽፈው፤ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

የተወለደችው በ28ኛው ሳምንት ነው፤ 1,040 ግራም። እናቷን ማታ ወገቧን ያማት ጀመር፤ ሌሊቱን ሐኪም ቤት ገባን። ምጡን በመድኃኒት አዘግይተው፣ የሕፃኗን ሳንባ የሚያጠነክረውን የስቴሮይድ መርፌ ሁለቱንም ዙር ለመስጠት ጊዜ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ግን ምጡን የሚያቆመው አልተገኘም። ስትወለድ ድምፅ አልሰማሁም። «አለቀሰች?» ብዬ ጠየቅኩ። የመለሰልኝ የለም፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው እጅ ሁሉ እሷ ላይ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በማሞቂያው መስተዋት በኩል አሳዩኝ። ፊቷ በቱቦና በፕላስተር ተሸፍኖ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። መዳፉ ከአውራ ጣቴ አይረዝምም። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ የደም ሥሮቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የስሟን መታወቂያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመውት እንኳ ላልቶ ነበር።

71 ቀን ሐኪም ቤት ቆየች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ። 1,040፣ 1,005፣ 960፣ 930። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እንደሚቀንስ ነግረውኛል፤ ነገር ግን ከ1,040 ላይ 110 ግራም ሲሄድ ቆሞ ማየት ሌላ ነገር ነው። በ15ኛው ቀን ወደ ተወለደችበት ክብደት ስትመለስ ቁጥሩን በቀይ ከበብኩት። ወተቱንም ጽፌዋለሁ፦ በየ2 ሰዓቱ 1 ሚሊ ሊትር፣ በሲሪንጅ፣ በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ። ትንፋሿ ሲቆም ደግሞ በነጥብ ምልክት አደርጋለሁ። መሣሪያው ይጮኻል፣ ነርሷ በማሞቂያው ቀዳዳ እጇን አስገብታ የልጄን ውስጥ እግር ታሻሻለች፣ ልጄ መተንፈስ እንዳለባት ታስታውሳለች። አንዳንዱ ገጽ በነጥብ ተሞልቷል።

ከዚያ ቤት ገባን። የሚያገኘን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ስንት ወሯ ነው? አምስት ወሯ ሲሆን የሁለት ወር ሕፃን ትመስል ነበር። «አምስት» ስል ፊታቸው ላይ የሚያልፈውን ነገር አየሁት፤ ጥቂት ጊዜ ካየሁት በኋላ «ሁለት» ማለት ጀመርኩ። ውሸት አልመሰለኝም። ሐኪሟ ራሷ ያስተማረችን ስሌት ነው፤ 40 ሳምንት ሲቀነስ 28፣ 12 ሳምንት ቀድማለች፤ ስለዚህ 12 ሳምንት እየቀነሳችሁ በጊዜያቸው ከተወለዱት ልጆች ጋር አስተያዩአት፤ «የተስተካከለ ዕድሜ» ይባላል። ይህ ስሌት ከብዙ ጭንቀት አድኖናል። በሰባት ወሯ ስትገለበጥ ዘገየች ብለን አላለቀስንም፤ በተስተካከለው ዕድሜዋ የአራት ወር ልጅ ነበረችና ልክ በሰዓቷ ነው።

ባለፈው ወር ግን ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ገለጥኩት፤ ገልጬም ደነገጥኩ። እኔ በምቀንሰው ስሌት እነዚያ 71 ገጾች በሙሉ ልጄ ገና ያልተወለደችባቸው ቀናት ናቸው። ጣቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠችበት፣ ያለ መሣሪያ መተንፈስ የጀመረችበት፣ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ ለመማር ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከመችበት፤ ሁሉም ከዜሮ በታች ሆኖ ቁጭ ብሏል። ከዚያ የከበደ ሥራ እስከ ዛሬ ሠርታ አታውቅም፤ እኔም ሰው ፊት ላለማፈር ስል ከሕይወቷ ሰርዤዋለሁ።

እናንተ ምን ትመልሳላችሁ? ልደቷንስ የምታከብሩት በየትኛው ቀን ነው?

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል በነርስነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ያንን ውስጥ እግር ስንት ጊዜ እንዳሻሸሁ መቁጠር አልችልም። ደብተር ይዘው የሚመጡትንም አባቶች አውቃቸዋለሁ፤ ሲገቡ ከልጁ በፊት መሣሪያውን የሚያዩት እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ መሣሪያው ሲጮህ መጀመሪያ ልጁን ነው የምናየው፤ የከንፈሩን ቀለም፣ የደረቱን እንቅስቃሴ።

ስለ ስሌቱ ልናገር። የተስተካከለ ዕድሜ ለአንድ ሥራ የተሠራ መለኪያ ነው፤ እድገትንና የክብደት ሰንጠረዥን ለማየት፣ ያውም እስከ ሁለት ዓመት ገደማ። ክትባትን ግን ስንሰጥ አንዲት ሳምንት እንኳ አንቀንስም። የሁለት ወር ክትባት ከተወለደችበት ቀን ተቆጥሮ ሁለት ወር ሲሞላት ነው፤ ሐኪም ቤት ተኝታም ቢሆን። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው «ገና ትንሽ ናት፣ ትጠንክርና» እያሉ የሚያዘገዩ ወላጆች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ የሚያገኘው የበሽታ መከላከያ በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት የሚተላለፍ በመሆኑ ክትባቱ የሚያስፈልገው ከሌላው ይልቅ ለእሱ ነው። የብረት ማዕድን ጠብታውም እንዲሁ ነው፤ ሕፃን ብረት የሚያከማቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ ልጅህ ያንን ጎተራ ሳትሞላ ነው የመጣችው። እንግዲህ ሕክምናው ራሱ ሁለቱንም ቀኖች ይዞ ይሠራል፤ አንዱን ጥሎ አይደለም።

ለባለቤትህ ስለ ተሰጠው መርፌም አንድ ነገር ላንሣ፤ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ነው። በኒውዚላንድ ግራሃም ሊጊንስ የተባለ ሐኪም ምጥ እንዴት እንደሚጀምር በበጎች ላይ ሲያጠና፣ ስቴሮይድ ከተሰጣቸው ጽንሶች መካከል በጣም ቀድሞ የተወለደ አንድ ግልገል በሕይወት ቆይቶ አገኘው፤ በዚያ ዕድሜ ሳንባው አየር መያዝ አልነበረበትም። ከዚያ ተነሥቶ ከሮስ ሃዊ ጋር በሴቶች ላይ ሞከሩትና እ.ኤ.አ. በ1972 ውጤቱን አሳተሙ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ገደማ ቀድሞ ተወለደ፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ያልፍ ነበር። ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ። የሳንባው የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የሚባለው ቅባት ስላልነበረው ነው። የዓለም ኃያል መሪ ልጅ ሆኖ ያላገኘውን፣ የአንተ 1,040 ግራም ልጅ አግኝታለች። እነዚያን 71 ገጾች ስትገልጥ ይህንም አስብ።

የመንታ እናት

እኔ ቀንሼ ነው የምናገረው፤ ቅር አይለኝም። መንገድ ላይ ላገኘኝ ሰው የእነዚያን ሳምንታት ታሪክ የመንገር ዕዳ የለብኝም። «አምስት» ካልኩ «ለምን እንዲህ አነሰ?» ይመጣል፤ ከዚያ «ምን ሆነሽ ነው? ምን አድርገሽ ነው?» ይከተላል። የኋለኛው ጥያቄ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚነሣ ሰው አይገምተውም። እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ሐኪሞቹም ምክንያቱን አላገኙትም። ይህን ለራሴ ለማሳመን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ለማያውቀኝ ሰው የሚያሳርፈኝን ቁጥር እሰጣለሁ።

ግን ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቼ በ30ኛው ሳምንት ነው የተወለዱት፤ ወንድና ሴት። ልጄ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። እህቱ ስድስት ቀን ኖራለች። መወለድ በነበረባቸው ቀን ከቆጠርን እሷ ጭራሽ አልተወለደችም ማለት ነው። እኔ ግን ስድስት ቀን እናቷ ነበርኩ። ፀጉሯን አይቻለሁ፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጥቅል ነበረው። በአራተኛው ቀን እጄን ጭንቅላቷና እግሯ ላይ ሳሳርፍ የልብ ምቷ ሲረጋጋ በመሣሪያው ላይ አይቻለሁ።

የልጄን ልደት የማከብረው በተወለደበት ቀን ነው። የእህቱም ልደት ስለሆነ።

የትንሿ አባት

እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ያ ጥያቄ እኔንም በየቀኑ እንቅልፍ ይነሣኛል» አለችኝ። አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ሁለታችንም ደብተሩን እናይ ነበር እንጂ እርስ በርስ አልተያየንም። ስለ ልጅሽ ስለ ነገርሽን አመሰግናለሁ።

በ31 ሳምንት

ከሌላው ወገን ልናገር፤ እኔ ራሴ በ31ኛው ሳምንት የተወለድኩ ሰው ነኝ፤ አሁን 34 ዓመቴ ነው። መነጽር አደርጋለሁ፣ ብርድ ሲመታኝ ሳሌ ከሰው ይረዝማል፤ ከዚህ ሌላ ጤነኛ ነኝ።

በልጅነቴ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። እናቴ በልደቴ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዝም ትላለች። ታበስላለች፣ ቤቱን ታዘጋጃለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፤ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ልጅ የሚያስበውን ታውቃላችሁ፤ በእኔ መወለድ ያዘነች ይመስለኝ ነበር። 19 ዓመት ሲሆነኝ ነው በአንድ ፖስታ ውስጥ የተጠቀለለ የጨርቅ ቆብ ያገኘሁት። የብርቱካን ያህል ነው። «ይኼ የማን ነው?» ስላት ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። በዚያን ዕለት ነው እናቴን ያወቅኳት ማለት እችላለሁ።

ወንድሜ፣ ደብተሩን አትጣለው። ልጅህ መስማት ስትችል ጀምረህ ንገራት። ሌላው ሁሉ የእናንተ ምርጫ ነው፤ ይህን ግን እለምንሃለሁ።

ዘጠነኛ ቀን

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ልጄ በ32ኛው ሳምንት ነው የተወለደው፤ 1,480 ግራም። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥተው ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። ሽቦዎቹ እንዳይነቀሉ፣ እንዳይበርደው፣ እንዳልጫነው ፈራሁ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ «መልሱት» አልኩ። ከዚያ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ወተቴም ትንሽ ነው፤ ስታለብ የጠርሙሱን ቂጥ እንኳ አይሸፍንም። እናንተ ስለ ዓመት ታወራላችሁ፤ እኔ ነገን ማየት አቅቶኛል።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም።

20 ደቂቃ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ስትሄጂ ከነርሷ ጋር አብራችሁ አድርጉት፤ ሽቦውን እሷ ትይዝልሻለች፣ ልብስሽ ላይ በፕላስተር ታስርልሻለች። ልጁ በዳይፐርና በቆብ ብቻ ይሁን፤ በጡቶችሽ መካከል ቀጥ ብሎ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፈው፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ሳይደፋ። ከላይ በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። እንዳይበርደው አትፍሪ፤ ቆዳሽ ያሞቀዋል። ስትጨነቂ ትንፋሽሽ ያጥራል፤ አንቺ ስትረጋጊ እሱም ሲረጋጋ ታዪዋለሽ።

ይህ ዘዴ የማሞቂያ ምትክ የሚመስላቸው አሉ፤ መነሻው እንደዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም ማሞቂያው አልበቃ፣ ሕፃናቱም በኢንፌክሽን እየሞቱ ቢያስቸግረው ለእናቶች ደረት ሰጣቸው፤ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ማሞቂያ የሞላባቸውም ቦታዎች ያደርጉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ በራሱ መተንፈስ የሚችል ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ወዲያው እንዲጀምር፣ በቀንም ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይላል። ስለዚህ ደረትሽ ላይ ስታውዪው እያከምሽው ነው። የልጁ አባት ካለም እየተቀያየራችሁ አድርጉት።

ስለ ወተቱ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ታለቢ፤ ሌሊት አንዱን አትዝለዪ። ከካንጋሮው ቀጥሎ ስታለቢ ደግሞ ይጨምራል። የጠርሙስ ቂጥ የማይሸፍነው ጠብታ ለ1,480 ግራም ሕፃን ብዙ ነው፤ አንዲት ጠብታ አትድፊ። የዓይን ምርመራ ቀጠሮውንም ከአሁኑ ጠይቂ። የሬቲና የደም ሥሮች አድገው የሚጨርሱት በእርግዝና መጨረሻ ስለሆነ፣ እንደ ልጅሽ ያሉት ከተወለዱ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ይታያሉ። ችግር ቢኖር በጊዜው ከተገኘ ሕክምና አለው፤ ካለፈ ግን አይመለስም።

ጸጥታው

ዘጠነኛ ቀን፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ለኋላ ይሆንሻል። ቤት የገባችሁ ዕለት ጸጥታው ያስፈራል። እኔ ሐኪም ቤት እያለሁ የመሣሪያውን ጩኸት እጠላው ነበር፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ቤት ስናድር ግን ያ ድምፅ ናፈቀኝ። ልጄን በጀርባው አስተኝቼ፣ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ደረቱ ላይ እንዳደረግኩ ነጋ። ሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት ብቻችሁን ከልጁ ጋር እንድታድሩ የሚፈቅዱ ከሆነ ጠይቂ፤ የሕፃን ትንፋሽ ቢታፈን ምን እንደሚደረግም በእጅሽ አሠርተው ያሳዩሽ። እኔ ይህን ያደረግኩት በሁለተኛው ልጄ ነው፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ዘመድ ይቀየማል። እጅ ታጠቡ፣ አትሳሙት፣ ጉንፋን ያለበት አይምጣ ስትዪ «ምን ሆነች?» ይሉሻል። ይቀየሙ። ለትልቅ ሰው ተራ ጉንፋን የሆነው ቫይረስ ለእንደዚህ ያለ ሳንባ ሐኪም ቤት የሚመልስ ነው። የእኔን አንድ ጊዜ መልሶታል፤ በአምስተኛው ወሩ፣ ለስምንት ቀን።

አልቅሺም። እኔ ሐኪም ቤት ሳለን አንድ ቀን አላለቀስኩም፣ ሁሉም ብርቱ ናት ይለኝ ነበር። የፈረስኩት ሁሉም ነገር ከተስተካከለ ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ልጄ ሲስቅልኝ እንኳ ምንም አይሰማኝም ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስነግራት ይህ ሕመም ስም እንዳለው፣ ብዙ እናቶችን እንደሚይዝ፣ እንደሚታከምም ነገረችኝ። አባቶችንም ይይዛል። የትንሿ አባት፣ ይህን ለአንተም ነው የምጽፈው።

የትንሿ አባት

ደርሶኛል። ቀጠሮ ይዣለሁ።

የትንሿ አባት

ልደቷ ካለፈ ሦስት ቀን ሆነ። ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

እንግዳ አልጠራንም። በተወለደችበት ሰዓት፣ ጠዋት፣ ሦስታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ደብተሩን ከገጽ አንድ ጀምረን ጮክ ብለን አነበብነው። እኔ አንድ ገጽ፣ ባለቤቴ አንድ ገጽ። ባለቤቴ የማላውቃቸውን ነገሮች ትጨምርበት ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ቱቦው ለአፍታ ሲቀየር ፊቷን ሙሉ እንዳየችው፣ አፍንጫዋ የእናቴን አፍንጫ እንደሚመስል ያን ጊዜ እንዳወቀች። እኔ በዚያ ቀን ገጽ የጻፍኩት ክብደትና ኦክስጅን ብቻ ነበር። እስክሪብቶ አምጥታ አጠገቡ ጻፈችው።

ልጃችን ወንበር ይዛ መቆም ጀምራለች። እያነበብን ሳለ መጣችና 930 የተጻፈበትን አራተኛውን ገጽ ጨብጣ ጫፉን ገነጠለችው። አልነጠቅናትም።

ዛሬ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ሴት «ስንት ወሯ ነው?» አለችኝ። አንድ ዓመት ከሦስት ቀን አልኳት። ፊቷ ላይ ያ ነገር አለፈ። ከዚያ በ28ኛው ሳምንት እንደ ተወለደች ነገርኳት፤ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠግታ መጠየቅ ጀመረች። ጉዳዩ ለእህቷ ነበር።

የመንታ እናት

እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ደብተር አልያዝኩም፤ ስድስቱን ቀናት ግን ትናንት ማታ ጻፍኳቸው።

ዘጠነኛ ቀን

ስሜን መቀየር አልቻልኩም፤ ዛሬ 16ኛ ቀኑ ነው። የተወለደበትን ክብደት አልፎ 1,530 ደርሷል። ትናንት አራት ሰዓት ደረቴ ላይ አዋልኩት፤ አባቱ ማታ ሁለት ሰዓት ጨመረ። ሽቦው አሁን አያስፈራኝም። ሲነቃ በእግሩ ይረግጠኛል፤ በእርግዝናዬ ሳለ ይረግጠኝ የነበረበትን ያንኑ ቦታ፣ አሁን ከውጭ በኩል።